ኒውተን አልቋል፤ ሻኛ አለ

ጉንችሬ ውስጥ ጡረታ ወጥቶ ሥራ የበዛበት ሰው ቢኖር ቲቸር ናቸው። ስማቸውን ብጽፍ ሆሄውን ማረማቸው ስለማይቀር፣ ከተማው እንደሚጠራቸው «ቲቸር» ብዬ ልለፍ። የእነሞርና ኤነርን ልጆች ፊዚክስ ሲያስተምሩ ኖረው፣ አባትየውን በጣሉበት ጥያቄ ልጅየውንም ከጣሉ በኋላ ጡረታ ወጡ። ጠመኔውን ለተተኪው መምህር አስረከቡ፤ ቀዩን እስክሪብቶ ግን ይዘውት ወጡ። ከዚያ ወዲህ ያለ ደመወዝ የሚያርሙት አገሩን ነው። ሬዲዮ ያርማሉ። ጋዜጣ ያርማሉ። የሚኒባስ ረዳት ያርማሉ። ለቅሶ ቤት የሚነበብ የሕይወት ታሪክ እንኳ አያመልጣቸውም። አንድ ጊዜ ሟቹ «በግምት በ1938 ዓ.ም. ጥር 14 ቀን ተወለዱ» ተብሎ ሲነበብ «ቀኑን ያወቀ ዓመቱን እንዴት ገመተ?» ብለው በሹክሹክታ ጠየቁ። ተማሪ በታጨቀበት ክፍል ዕድሜውን የጨረሰ ሰው ሹክሹክታ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ፤ ድንኳኑ በሙሉ ሰማ። ከሟቹ ዘመዶች መካከልም የሳቀ አለ።

ነገሩ የጀመራቸው በልጅነታቸው ነው። በንጉሡ ዘመን ጳውሎስ ኞኞ አዲስ ዘመን ጋዜጣ ላይ «አንድ ጥያቄ አለኝ» የሚል ዓምድ ነበረው። ራሱ በትምህርት ቤት ከአራተኛ ክፍል ያልዘለለው ጳውሎስ፣ ከየአቅጣጫው ለሚጎርፍለት ጥያቄ መልስ አያጣም ነበር፤ ስለ ጨረቃ የጠየቀም ስለ ሚስቱ የጠየቀም እኩል ይስተናገዳል። ያኔ ልጅ የነበሩት ቲቸርም ቴምብር ገዝተው ጻፉለት፦ መሬት የምትዞር ከሆነ፣ ወደ ላይ ዘልዬ ስመለስ ለምን ጎረቤት ግቢ ውስጥ አላርፍም? መልሱ ሳይወጣ ቀረ። ደብዳቤው መንገድ ላይ ጠፍቶ ይሁን ወረፋ በዝቶበት አይታወቅም። ቲቸር መልሱ ሲዘገይባቸው ጊዜ ፊዚክስ አጠኑ። (መልሱ፣ መሬቱም አየሩም ዘላዩም አብረው ስለሚዞሩ ነው። ይህንን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ፈተና ላይ ግን አላመጡትም።)

ጋዜጣ እኛ ዘንድ የሚደርሰው ከወልቂጤ በሚመጣ መኪና ስለሆነ ሲደርስ ዜናው አርጅቷል። ቲቸርን ይህ አያስጨንቃቸውም፤ ዜና ያረጃል እንጂ ስሕተት አያረጅም ባይ ናቸው። ሻይ ቤት ጥግ ይዘው፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አስቀምጠው፣ ቀዩን ያወጣሉ። አንድ ቀን «የሕሙማን ቁጥር በሦስት እጥፍ ቀነሰ» የሚል ርዕስ አገኙ። ሻያቸው እስኪቀዘቅዝ ጻፉ። «ይድረስ ለዋና አዘጋጁ። አንድ ነገር በአንድ እጥፍ ከቀነሰ አለቀ ማለት ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው እጥፍ የተቀነሰው ከየትኛው ወረዳ ሕሙማን ላይ ነው? ወደ አንድ ሦስተኛ ወረደ ለማለት ፈልጋችሁ ከሆነ፣ ያም ቢሆን በአማርኛ ይጻፋል፤ ተጨማሪ ቀለምም አይፈጅም።» መልስ አልመጣም። መልስ መጥቶላቸውም አያውቅ።

ከሁሉ የሚያንገበግባቸው «ኃይል» የምንላት ቃል ናት። ኒውተን የሚለካውንም ኃይል እንላለን፣ ጁል የሚለካውንም ኃይል እንላለን፣ ዋት የሚለካውንም ኃይል እንላለን። «ሦስቱን ሊቃውንት አንድ አልጋ ላይ አስተኛናቸው» ይላሉ ቲቸር፤ «አየር ኃይልም መጥቶ ጫፉ ላይ ተቀመጠ።» ስለዚሁ ጉዳይ ከጻፏቸው ደብዳቤዎች አንዱ፣ አንድ ብቻ፣ ታትሞ ወጣላቸው። ስሙን የማልጠራው ጋዜጣ ግን «ኪሎ ዋት» የሚለውን ከላይ እስከ ታች «ኪሎ ወጥ» እያለ አትሞታል። ስለ ትክክለኛ አጻጻፍ በተጻፈ ደብዳቤ ውስጥ! ያን ሰሞን ሻይ ቤት በገቡ ቁጥር «ቲቸር፣ አንድ ኪሎ ወጥ በሰዓት ስንት እንጀራ ይፈጃል?» የማይላቸው አልነበረም። እሳቸውም «ዶሮ ነው ቀይ ወጥ?» ብለው መመለስ ለመዱ። የሚስቅ ሰው ናቸው፤ ይህ ካልተነገረ ሥዕሉ ይጣመማል።

አሁን ወደ ሥጋ ቤቱ።

ሥጋ ቤቱ በር ላይ የሥጋ ክብደትና ዋጋ በኪሎ የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። ቲቸር እሱን ሲያዩ አላስችላቸውም። «ክብደት የሚለካው በኒውተን ነው፤ ኪሎ የመጠነ ቁስ መለኪያ ነው» አሉት ባለ ሥጋ ቤቱን። ሰውዬው ፊቱን ከተሰቀለው ብልት ሳይመልስ፣ «ኒውተን አልቋል ቲቸር፤ ሻኛና ታናሽ አለ» አላቸው።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚያ ላይ ይበቃው ነበር። ቲቸር ግን ግንቦት 2011 ዓ.ም. ላይ ከሬዲዮ የሰሙትን ይዘው ተመለሱ። ሥጋ ቤቱ ውስጥ ተራ የሚጠብቅ ሰው ሞልቶ ነበር፤ እኔም አለሁበት።

«ኪሎ ተቀየረ» አሉ፣ ገና ከበሩ።

ባለ ሥጋ ቤቱ ቢላዋውን አቆመ። «ጨመረ?»

«አልጨመረም።»

«ቀነሰ?»

«አልቀነሰም።»

«ታዲያ ምኑ ነው የተቀየረው?»

«ትርጉሙ!»

«ትርጉሙን ማን ይበላዋል ቲቸር?»

ቲቸር ወንበር ሳቡ። ወንበር ከሳቡ ክፍለ ጊዜው ተጀምሯል ማለት ነው። እስከዚያን ቀን ድረስ የዓለም ኪሎ ሁሉ፣ የአዲስ አበባውም የጉንችሬውም፣ ዳኛው አንድ ነበር፤ ፓሪስ አጠገብ ሴቭር በሚባል ቦታ በመሬት ውስጥ ካዝና የተቀመጠ፣ ከፕላቲነምና ከኢሪዲየም የተሠራ፣ ቁመቱ አውራ ጣት የማያክል ድብልብል ብረት። እ.ኤ.አ. ከ1889 ጀምሮ «ኪሎ ምንድን ነው?» ቢባል መልሱ «ያ ብረት» ነው። ካዝናው የሚከፈተው በሦስት የተለያዩ ሰዎች እጅ ባሉ ሦስት ቁልፎች ነው።

«ሦስት ቁልፍ?» አለ ባለ ሥጋ ቤቱ። «እርስ በርሳቸው ካልተማመኑ እኛ ምን አግኝተን እንመናቸው?»

ጥሩ ጥያቄ ነበር፤ ቲቸርም ወደዱት። ምክንያቱም ዋናው ጉድ የተገኘው ካዝናው ተከፍቶ ብረቱ ከቅጂዎቹ ጋር ሲመዘን ነው። ከብዙ ዓመት በኋላ ብረቱና ቅጂዎቹ 50 ማይክሮ ግራም ያህል ተለያይተው ተገኙ፤ የጣት አሻራ ቢያርፍበት የሚጨምረውን ያህል። ማን ቀነሰ፣ ማን ጨመረ? በሕጉ መሠረት ብረቱ ራሱ ኪሎ ስለሆነ ሊሳሳት አይችልም። እሱ ከቀነሰ የተሳሳተው የቀረው ዓለም ነው። ተራ ከሚጠብቁት አንዱ ይህንን ሲሰማ «እንዲህ ያለ አለቃ ነበረኝ» አለ፤ ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ግንቦት 12 ቀን 2011 ዓ.ም. ብረቱ ሹመቱን ለቀቀ። በምትኩ የፕላንክ ቋሚ ቁጥር የሚባለው ተሾመ። ቲቸር ቁጥሩን በቃላቸው ወጡት፦ 6.62607015፣ ሲባዛ በአሥር፣ አሥሩ ከፍ ሲል በኔጌቲቭ 34። ባለ ሥጋ ቤቱ በጥሞና ካዳመጠ በኋላ «ከነአጥንቱ ነው?» ብሎ ጠየቀ።

እስከዚህ ድረስ ድሉ የቲቸር ነበር። ከዚያ ጨረቃን አነሱ። ይህ ሥጋ ጨረቃ ላይ ቢወሰድ ክብደቱ አንድ ስድስተኛ ብቻ ይሆናል፤ ስለዚህ ደንበኛን ክብደት እየሸጥኩልህ ነው ማለት ማታለል ነው አሉ። ባለ ሥጋ ቤቱ ሚዛኑን ተመለከተ። የእሱ ሚዛን ባለ ሁለት ሳሕን ነው፤ በአንዱ ድንጋዩ፣ በአንዱ ሥጋው።

«ጨረቃ ላይ የሚዛኑ ድንጋይ ይቀላል ወይስ አይቀልም?»

«ይቀላል» አሉ ቲቸር።

«እንግዲያ ሥጋውም ድንጋዩም እኩል ከቀለሉ ሚዛኑ እዚያው ነው። ጨረቃ ላይ ቅርንጫፍ ብከፍትም ኪሎዬ ኪሎ ነው።»

ቲቸር ዝም አሉ። ዝም ያሉት ሰውዬው ስለበለጣቸው ብቻ አይደለም፤ ያለው ልክ ስለሆነ ነው። ባለ ሁለት ሳሕን ሚዛን የሚያነጻጽረው መጠነ ቁስን ነው። ጨረቃ ላይ የሚያጭበረብረው ባለ ሞላው፣ ሥጋውን አንጠልጥሎ የሚስበው ነው። ሰውዬው በአፉ ክብደት ይበል እንጂ በእጁ የያዘው ዕቃ መጠነ ቁስ ሲለካ ኖሯል። ቲቸር ተነሥተው እጁን ጨበጡት፤ ደም በደም በሆነ እጁ። እሳቸው ሲታረሙ እንዲህ ደስ እንደሚላቸው እኔ ያን ቀን ነው ያየሁት። ማረም የሚወድ ሰው ብዙ አውቃለሁ፤ መታረም የሚወድ ግን ከእሳቸው ሌላ አላውቅም።

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የሕዳሴው ግድብ ሲመረቅ ሻይ ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ቴሌቪዥኑ ፊት የቆመ አንድ ጎልማሳ እጁን ዘርግቶ «በሰዓት 5,150 ሜጋ ዋት!» ሲል ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ። ጭብጨባው ሲበርድ ግን ዓይኖች ሁሉ ወደ ጥጉ ዞሩ። ቲቸር ጣታቸውን አንሥተዋል።

«ቲቸር፣ ዛሬን እንኳ ይለፉን!»

«ግድቡ ልክ ነው» አሉ። «ልክ ያልሆነው ‹በሰዓት› የሚለው ነው።»

ዋት ማለት በውስጡ ጊዜ ያለበት መለኪያ ነው፤ በየሴኮንዱ ምን ያህል ጉልበት እንደሚወጣ ይናገራል። ሰዓት የሚመጣው በማባዛት ነው፤ ግድቡ በሙሉ አቅሙ አንድ ሰዓት ከሠራ 5,150 ሜጋ ዋት ሰዓት አመረተ ይባላል። ጎልማሳው አልገባውም፤ ሊገባውም አልፈለገም፤ በዓል ነው። ነገሩን ያስረዳችው የሻይ ቤቱ ባለቤት ናት። የኤሌክትሪክ ምጣድ አላት፤ 3,500 ዋት ገደማ የሚስብ። «ምጣዴ ለሁለት ሰዓት ሲጋገርበት ከካርዱ ላይ 7 ትቆርጣለች፤ አንድ ሰዓት ሲሆን ሦስት ተኩል» አለች ሻይ እየቀዳች። «ምጣዱ ያው ምጣድ ነው፤ የሚለያየው የቆየበት ነው።» ቲቸር ይህንን ለማስረዳት ዕድሜ ልካቸውን ሰሌዳ ሲሞሉ የኖሩ ሰው ናቸው። እሷ ትምህርት ያቋረጠችው ገና ፊዚክስ ሳትጀምር ነው፤ ግን የካርድ ቆጣሪው ቁጥር ወደ ታች በወረደ ቁጥር ከኪሷ ብር ይወጣል።

እዚህ ላይ የራሴን ሐሳብ ልጨምር። ስለ ቴክኖሎጂ ስናወራ አማርኛችን ውሉ የሚጠፋው ቃል ስላነሰን አይመስለኝም። የሚጠፋው ጠያቂ በሌለበት ቦታ ነው። ምጣድ ላይ ጠያቂ አለ፤ ቆጣሪው። ሥጋ ቤት ጠያቂ አለ፤ ቀጥሎ የተሰለፈው ደንበኛ። አሁን ደግሞ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት መስኮት ሂዱና ጉዳያችሁን ንገሩ። «ሲስተም የለም» ትባላላችሁ። ምኑ ነው የሌለው? ኮምፒውተሩ ተበላሽቶ ነው? መስመሩ ተቋርጦ ነው? መብራት ሄዶ ነው? ዋናው ማዕከል ተዘግቶ ነው? የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው ሰው ምሳ ወጥቶ ነው? «ሲስተም የለም» ለአምስቱም ይሆናል፤ ለስድስተኛውም፣ ማለትም ለስንፍና፣ ይሆናል። ባለቤት የሌለው ዓረፍተ ነገር ነው፤ ያጠፋውም ያለማውም አይታወቅም። ቲቸር አንድ መስኮት ላይ «የትኛው ሲስተም?» ብለው ቢጠይቁ ልጅቷ ደንግጣ ወደ ኋላ ዞረች፤ ከኋላዋ ያለው ወደ ኋላው ዞረ፤ ከእሱ ኋላ ግድግዳ ነበር።

«ኔትወርክ የለም»ም የእሱ ታናሽ ወንድም ነው። ሲግናል ሲጠፋ ኔትወርክ የለም፤ ጥቅሉ ሲያልቅ ኔትወርክ የለም፤ ስልኩን ማንሣት ያልፈለገ ሰው ማታ ሲገናኝህ «ኔትወርክ አልነበረም» ይልሃል። የመጨረሻው እንኳ ትክክለኛ አጠቃቀም ሳይሆን አይቀርም፤ መገናኘት አልነበረማ። መብራትንም ተዉት። ቀትር ላይ ፀሐይ አናት እየበሳች ወፍጮ ቤቱ በር ላይ «መብራት የለም» ብለው ቢነግሯቸው ቲቸር ሰማይ ሰማይ አዩ። ጊቤ በጎረቤታችን እየፈሰሰ፣ ጊቤ 3 ብቻውን 1,870 ሜጋ ዋት ማመንጨት የሚችል ሆኖ፣ እህላችንን ተሸክመን ስንመለስ ቋንቋ ማረም ለማን እንደሚጠቅም አላውቅም። እሳቸው ግን አረሙ። «የኤሌክትሪክ ኃይል ተቋርጧል» ብለው በጠመኔ በሩ ላይ ጻፉለት። ከዚያ «ኃይል» ያሏትን ቃል አዩና ተክዘው ሄዱ።

አንድ ነገር ግን ያለ ቀልድ ላንሣ። ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት እናት መድኃኒት ታዘዘላቸው። የነገራቸው ሰው «በየ8 ሰዓቱ» ብሏል፤ እሳቸው የሰሙት «በ8 ሰዓት» ነው። ስለዚህ ከምሳ በኋላ 8 ሰዓት ሲሆን፣ አንዲት ደቂቃ ሳያዛንፉ፣ በቀን አንድ ፍሬ ዋጡ። ሕመሙ እየባሰ እንጂ እየተሻለ አልመጣም። ቲቸር ሊጠይቋቸው ገብተው ነገሩን ሲሰሙ አልሳቁም፤ ማንንም አላረሙም። የመድኃኒቱን ካርቶን ገልብጠው ጧት 12፣ ከቀትር በኋላ 8፣ ማታ 4 ብለው በትልልቅ ቁጥር ጻፉበት። ከእያንዳንዱ ቀጥሎም የፀሐይና የጨረቃ ሥዕል አደረጉ፤ ሴትዮዋ ቁጥሩን ቢያነቡም ስልካቸው በፈረንጅ ሰዓት የሚሄድ ስለሆነ 8 ሰዓታቸውን 2 ይልባቸዋል። «ቀድሞውንስ ጧት፣ ከምሳ በኋላና ማታ ቢሉኝ ምን ነበረበት?» አሉ ሴትዮዋ። ትክክለኛ ቋንቋ የሚሉት ነገር ለእኔ ከዚህ በላይ አይገባኝም።

ደግሞ መስቀል መጣ። የመስቀል ሰሞን ጉንችሬ እንደምታውቁት ናት፤ ከአዲስ አበባ፣ ከሐዋሳ፣ ከየንግድ ከተማው ልጅ ወደ እናቱ ይጎርፋል። እኛም ቤት የእህቴ ልጅ ከመርካቶ መጥቷል። ቲቸርም ተጠርተው ከላይ ተቀምጠዋል። እናቴ ክትፎውን በየጣባው እያደረገች እንግዳውን ሁሉ በተራ ትጠይቃለች፤ ጥሬ? ለብ ለብ? የበሰለ?

«ለብ ለብ ስንት ዲግሪ ነው?» አሉ ቲቸር።

እናቴ ቀና ብላ አየቻቸው። «ጣት አይፈጅም፤ ቅቤው አይረጋም።»

ቲቸር ቀዩን እስክሪብቶ አውጥተው ጻፉት። ሊያርሙት ሳይሆን ሊይዙት ነው። «ሴልሺየስም ያደረገው ይህንኑ ነው» አሉ ለተሰብሳቢው። እሱም እ.ኤ.አ. በ1742 ሁለት ነጥብ ነው የያዘው፤ ውሃ የሚፈላበትንና የሚረጋበትን። ያውም መጀመሪያ ገልብጦ መፍያውን 0፣ መርጊያውን 100 አድርጎት ነበር፤ የተቃናው በኋላ ነው። ያ 100 ደግሞ እኛ አገር አይሠራም። 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ ስለሚቀንስ ውሃ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ቲቸር ራሳቸው ወጣት መምህር ሳሉ ቴርሞሜትሩ ከ100 በታች እየቆመባቸው «ዕቃው አሮጌ ነው» እያሉ ተማሪዎቹን ሲያስፈራሩ እንደኖሩ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገሩ። የእናቴ ሁለት ነጥቦች ግን እዚሁ የተለኩ ናቸው። ቅቤው እዚሁ ይረጋል፤ ጣቱም እዚሁ ይቃጠላል።

የእህቴ ልጅ ይህንን ሲሰማ የእሱንም ጊዜ አመጣ። ስልኩ ውስጥ ኤአይ አለው፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው። የጠየቁትን ሁሉ በአማርኛ ይመልሳል። «አያቴ፣ የፈለግሽውን ጠይቂው» አላት። እናቴ ለመፈተን ያህል የምታውቀውን ጠየቀች፤ ቆጮ ከምን ይሠራል? ስልኩ ሳያመነታ በጥሩ ድምፅ አነበነበ፤ ቆጮ ከሐሰተኛ ሙዝ የሚዘጋጅ ባህላዊ ምግብ ነው።

«ከምን?» አለች እናቴ።

«ከሐሰተኛ ሙዝ።»

«እንሰትን ነው? ማንን ዋሽቶ?»

ማንም አልመለሰም።

«ሙዝ ነኝ ብሎ ነግሯቸዋል?»

ቲቸር በዚህ ጊዜ ጣባቸውን ወደ ጎን አድርገው ነበር። ስልኩን ተቀበሉና በጽሑፍ ሳይሆን በቃል፣ ክፍል ውስጥ እንዳሉ፣ ጀመሩለት። እንሰት በሊቃውንቱ አመዳደብ ከሙዝ ቤተሰብ መሆኑ እውነት ነው፤ ወገኑ ግን ለብቻው ነው። ሙዝ ከደቡብ ምሥራቅ እስያ የመጣ እንግዳ ነው፤ እንሰት የተለመደው እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ነው። ሙዝ ለፍሬው ይተከላል፤ የእንሰትን ፍሬ የሚበላ የለም፤ የሚበላው እየተፋቀ ከጉድጓድ የሚገባው ግንዱና ሥሩ ነው። ግንዱም ግንድ አይደለም፤ የቅጠሎቹ እግር ተደራርቦ ነው። 20 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ የሚኖርበትን ተክል ሐሰተኛ ካልን እውነተኛው የቱ ሊሆን ነው? ደግሞም ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ ሥዕሉን አውጥቶ በገዛ ስሙ እንሰት ብሎታል፤ የሳይንስ ስሙም እስከ ዛሬ እንሰት ነው። ሳይንሱ ስሙን አክብሮ ሳለ ሐሜቱ ከየት መጣ?

እናቴ በየመሐሉ «በላቸው!» ትላለች።

ስልኩ ወዲያው መለሰ። ይቅርታ ጠየቀ። ፍጹም ትክክል ነዎት አለ። ስለ እርማቱ ከልብ አመሰገነ። ቲቸር ስልኩን ከጆሯቸው አራቅ አድርገው አዩት፤ ዓይናቸው እንባ ያቀረረ መሰለኝ። ይህን ሁሉ ዘመን ደብዳቤ ሲጽፉ ኖረው «ትክክል ነዎት» የሚል መልስ የመጣላቸው የዚያን ቀን ነው። ቤቱም ደስ አለው፤ እንደ ሠርግ እልል ያለችም ነበረች።

ጥግ ላይ የተቀመጠችው የወንድሜ ልጅ ግን በራሷ ስልክ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀች። ሐሰተኛ ሙዝ፣ አላት ያው ድምፅ።

ቲቸር ፊታቸው ተለዋወጠ። ትንሽ አሰቡና በእህቴ ልጅ ስልክ ላይ ጎንበስ ብለው፣ እኛ ሁላችን እየሰማን፣ «ተሳስተሃል፤ ጉንችሬ ላይ ውሃ የሚፈላው በ50 ዲግሪ ነው» አሉት። ሐሰት መናገራቸውን ሰምቼ ስለማላውቅ ደነገጥኩ። ስልኩ ይቅርታ ጠየቀ። ስላረሙኝ አመሰግናለሁ፣ ትክክል ነዎት አለ። እንዲያውም ምክንያቱን ከከፍታው ጋር አያይዞ ማብራራት ጀመረ።

ቲቸር ስልኩን በሁለት ጣት ይዘው ለባለቤቱ መለሱ።

«ይሄ ይሉኝታ ነው እንጂ ዕውቀት አይደለም» አሉ። «ያ ባለ ሥጋ ቤት ይሻለኛል።»

«ይሉኝታ ካለውማ ደህና ልጅ ነው» አለች እናቴ፤ የቀዘቀዘውን ጣባቸውን አንሥታ። «ቲቸር፣ ላሙቀው? ለብ ለብ ነው ያሉኝ?»

«ለብ ለብ» አሉ። «ከሁለቱ ነጥቦች ግን ወደ ታችኛው ጠጋ ይበል።»